ከደብረ ኤልያስ እስከ ዳሎል፤ የታሪካዊው ጉዞ መንገዶችና ድልድዮች

የኢትዮጵያን ጥንታውያን ከተሞች፣ ተራሮችና በረሃዎች በአስጎብኚ እየተመሩ በየብስ መዞር ሲነሣ ብዙ ሰው ነገሩን ከቱሪስትና ከላንድ ክሩዘር ጋር የመጣ አዲስ ሥራ አድርጎ ይገምተዋል። ዳሩ ግን መንገድ በሚያውቅ ሰው እየተመሩ ከደብር ወደ ደብር፣ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከደጋ ወደ ቆላ መጓዝ በዚህ አገር ከአውቶሞቢል በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ልማድ ነው። «ታሪካዊው መስመር» እየተባለ የሚጠራው የጉብኝት ዙር፣ ማለትም ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ የሰሜን ተራሮች፣ አክሱምና ላሊበላ፣ በየት በኩል አልፎ የትኛውን አገር ዘልሎ እንደ ሄደ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ ከአብያተ መንግሥቱና ከአብያተ ክርስቲያናቱ አስቀድሞ በመካከላቸው ያለውን መንገድ መመርመር ይኖርበታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ ምርመራ መነሻ የምትሆን አንዲት ከተማ አለች። ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አውራ ጎዳና ገለል ብላ የምትገኝ ናት። ለአገር ጎብኚ ተብሎ በሚታተም ካርታ ላይ ስሟን ፈልጎ የሚያገኝ ጥቂት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ዘንድ ግን ደብረ ኤልያስ ሲባል የማያውቅ የለም፤ የቅኔ አገር ናትና። በ1910 የተወለዱት ደራሲና ዲፕሎማት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ደብረ ኤልያስ ስትሆን፣ ሌሎቹ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ናቸው። ሦስቱም በአንድ አውራጃ ስፋት ውስጥ የሚገኙ፣ ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ወንዝ መሻገርና ዳገት መውጣት ግድ የሚሉ ቦታዎች ናቸው።

የአብነት ተማሪው ጉዞ በእርግጥ የተመራ ጉዞ ነበር። ቅኔ የፈለገ ወደ ጎጃም ይመጣል፤ ድጓ የፈለገ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሻገራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል፤ ቅዳሴ የፈለገ ሽሬ ደብረ ዓባይ ድረስ ይዘልቃል፤ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የፈለገ ጎንደር ይገባል። ይህን ዝርዝር በካርታ ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ያያያዘ ሰው፣ የዛሬው የጉብኝት ድርጅት በመጽሔት ከሚያስተዋውቀው ዙር ብዙም የማይለይ፣ በአንዳንድ ስፍራ እንዲያውም የሚበልጥ መስመር ያገኛል። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ያነገተው ልጅ ብቻውን አይነሣም፤ መንገዱን ቀድሞ የሄደበት ታላቅ ተማሪ ይመራዋል። የትኛው መንደር ለቆሎ ተማሪ እጁ እንደሚፈታ፣ የትኛው ደጃፍ ውሻ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ወንዝ ከቀትር በኋላ እንደሚሞላ የሚያውቀው እርሱ ነው። ተማሪው ወደ ሌላ ደብር የሚሄደው መምህር ፍለጋ ቢሆንም፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለስ አገሩን በእግሩ ለክቶ፣ የየደብሩን አሠራርና የየአገሩን አነጋገር አጥንቶ ነው።

ሁለተኛው መንገደኛ ነጋዴው ነበር። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ በዛሬዋ የጁቤ አካባቢ ይውል የነበረው የባሶ ገበያ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከሰሜን ኢትዮጵያ ገበያዎች እጅግ ስመ ጥሩ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከጉድሩ በኩል ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ይመጣል፤ ባሪያም ይመጣ ነበር፣ ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆናል። ከሰሜን ደግሞ በምጽዋና በጎንደር በኩል ጨርቅ፣ ዶቃና ጠገራ ብር፣ ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ ጨውም ይወርዳል። አንድ አሞሌ ከተቆረጠበት ሜዳ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በትግራይ በጠገራ ብር የሚገኘው አሞሌ ብዙ ሲሆን ዓባይን ከተሻገረ በኋላ ቁጥሩ እጅግ ያንሳል። ለመሐንዲስ አንባቢ ይህ ከተራ የገበያ ወሬ ይልቃል። የአሞሌው ዋጋ የዳገቱን፣ የወንዙንና የኬላውን ወጪ ሁሉ ደምሮ የሚያሳይ የመንገድ መለኪያ ነበር።

የቅፍለቱ መሪ ነጋድራስ ይባል ነበር። ኋላ ማዕረጉ የመንግሥት ሹመት ሆኖ የጉምሩክና የንግድ ኃላፊ መጠሪያ ቢሆንም፣ አመጣጡ ግን ከዚያው ከመንገድ ነው። በቅሎዎቹ የት እንደሚያድሩ፣ በየትኛው ኬላ ስንት እንደሚከፈል፣ ከየትኛው ባላባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር እንደሚገባ የሚወስነው ነጋድራሱ ነው። ሽፍታ በሚፈራበት ስፍራ ብዙ ነጋዴ ተጠባብቆ በአንድነት ያልፋል። ዛሬ አስጎብኚ የሚባለው ሰው የሚሠራው ሥራ ከዚህ የሚለየው በጭነቱ ዓይነት ብቻ ይመስላል።

ተማሪውም ነጋዴውም የሚፈሩት አንድ ቦታ ነበር፤ እርሱም የዓባይ በረሃ ነው። አማርኛ «በረሃ» የሚለውን ቃል ለአሸዋውና ለጨው ሜዳው ብቻ አልሰጠም። ውሃ በሞላበት፣ ዛፍ በበቀለበት ሸለቆም ቢሆን ሙቀትና ወባ ሰው እንዳይሰፍርበት ካደረጉት በረሃ ይባላል። ጎጃሜው «በረሃ ወረደ» ሲል ዓባይን ማለቱ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይዘጋል፤ መስከረም ጠብቶ ውሃው እስኪጎድል ድረስ ጎጃም በሦስት ወገን የተከበበ ደሴት ይሆን ነበር። በበጋ ዕቃው በአቁማዳ ታስሮ፣ ወይም በተነፋ ቆዳ ላይ ተጭኖ፣ በዋናተኞች እየተገፋ ይሻገራል። አዞም ጉማሬም ነበረ። ከብቱ የሚዋኘው በራሱ ዕድል ነው።

የዛሬው መንገደኛ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን ሲጓዝ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ከሚገኘው ደጋ ተነሥቶ እስከ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርድና መልሶ ይወጣል። በአርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ የሚታየው የአለት ድርድር የጂኦሎጂ መምህራን ተማሪዎቻቸውን የሚያመጡበት ነው። ከላይ ባዝልት፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና ጭቃማ አለት፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በጎሃ ጽዮን ከተማ ስም የሚጠራው የጂፕሰምና የሸክላማ አለት ንብርብር፣ በመጨረሻም የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። መንገዱን የሚያስቸግረው መካከለኛው ክፍል ነው። ጂፕሰም በውሃ ይሟሟል፤ ሸክላማው አለት ሲርስ ይንሸራተታል፤ ከላይ ተንዶ የተከመረው የባዝልት ፍርስራሽም በዚህ በሚንሸራተት ነገር ላይ ተቀምጧል። ክረምት በመጣ ቁጥር አስፋልቱ የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው ሥራው ጎድሎ ብቻ አይደለም፤ ተራራው ራሱ ስለሚሄድ ነው። በቅሎ የምትሄድበት የቀድሞው ዱካ ይህን ችግር በከፊል ያመልጥ ነበር፤ በቅሎ ሸንተረር ይዛ በቀጥታ ትወርዳለችና። የጭነት መኪና ግን የሚችለው ዳገት የተወሰነ ስለሆነ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ በደካማው አለት ላይ ረዥም ጊዜ መቆየት ግዴታው ሆነ።

ዓባይን በድንጋይ ለመግራት የተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ዝቅ ብሎ ወንዙ በጠባብ አለት መካከል ተጨንቆ በሚያልፍበት ስፍራ የአላታ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ እስከ ዛሬ ድረስ ሰውና ከብት ያሻግራል። ይህ እንዲሆን ያስቻለው በዚያው ዘመን በኖራ መገንባት መልመዱ ነው፤ ሕዝቡ ግን ማጣበቂያው ከእንቁላል የተሠራ እንደ ሆነ ሲናገር ኖሯል። ከዚያ ቀጥሎ በአፄ ፋሲል ዘመን (1632–1667) እንደ ተሠራ የሚነገርለት ሌላ ድልድይ ከሞጣ በታች፣ ጎጃምን ከቤጌምድር ጋር ለማገናኘት ቆመ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ለዐይን ግልጽ ነው። ወንዙ በጥልቅ የአለት ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ ቅስቱ የሚያርፍበት መሠረት ተፈጥሮ አዘጋጅታ አቆየችው። ያ የነገሥታቱ መሐንዲስ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ድልድዩን ለመንገዱ ሳይሆን መንገዱን ለድልድዩ አስገዛው። የመንገደኛው ዱካ ቦታውን ፍለጋ ቁልቁል ወረደ። ወንዙም በበኩሉ ክረምት ክረምት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ እየሞከረ ድልድዩን ሳይጥለው ኖረ።

የውጭ አገር ሰዎች እነዚህን መንገዶች ማወቅ የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው። በ1520 ምጽዋ ከደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ለስድስት ዓመታት ያህል በበቅሎ ከደጋ ደጋ ዞሮ፣ አክሱምንና ላሊበላን አይቶ፣ በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ገልጧቸዋል። ስለ ላሊበላ ሲጽፍ ከዚህ በላይ ብናገር የሚያምነኝ የለም ብሎ መተዉ የታወቀ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን አየ። ከእርሱ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከዚያው ምንጭ ደረሰ፤ በ1790 በታተሙት አምስት ጥራዞቹም ቀዳሚነቱን ለራሱ አደረገው። የብሩስን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የማይረሳው መሪው ወልዶን ነው። የዳሞቱ ፋሲል የሰጠው ይህ መሪ፣ ምንጩ ቅርብ ከሆነ በኋላ ሰበብ እየፈለገ ጉዞውን አዘገየ። ብሩስ ዘግይቶም ቢሆን ነገሩ ገባው፤ ወልዶ የፈለገው በወገቡ የታጠቀውን ቀይ የሐር መቀነት ነበር። መቀነቱ ተፈታ፣ መንገዱም ተከፈተ። ብሩስ ነገሩን እንደ ማታለል ቢያወራውም፣ መሪ ያለ ዋጋ አይመራም፤ ዋጋው አስቀድሞ አለመነጋገሩ የተጓዡ ጉድለት ነበር።

ስለ መንገድ ከተነሣ አፄ ቴዎድሮስን ማለፍ አይገባም። በጋፋት የተቀለጠውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ድረስ ለማድረስ በጥቅምት 1867 ተነሥተው መጋቢት 1868 ደረሱ። በመካከል የጅጣና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እያነሡ ያስቀየሱት ያ መንገድ፣ ከምጽዋ ደቡብ ተነሥቶ እስከ መቅደላ የዘመተውን የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ያስደነቀ ነበር። መንገዱ የተሠራለት መድፍ ለታሰበለት አገልግሎት አልበቃም፤ ቀያሾቹ ግን በዚያ ዘመን ባለ መሣሪያ የተራራን ጎን አጥንተው ከባድ ጭነት ለማውረድና ለማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ወደ ላሊበላ የሚሄድ ጎብኚ ከደብረ ታቦር ቀጥሎ ያለውን አገር ሲያይ ይህን ቢነገረው ጉዞው ሌላ መልክ ይይዝለታል።

የመኪና መንገዱ ታሪክ አጭርና ፈጣን ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቀየሱት መስመሮች፣ ከእነርሱም ውስጥ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ፣ ለጦር ሠራዊትና ለስንቅ ማመላለሻ የታሰቡ ነበሩ። የሠሯቸውም ሰዎች ነፃ ፈቃድ እንዳልነበራቸው ሁሉ መንገዶቹም የአገሩን ገበያ ጠይቀው አልሄዱም። በ1941 ንጉሠ ነገሥቱ ከጌዴዎን ጦር ጋር በጎጃም በኩል ሲመጡ ሚያዝያ 6 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከዚያ ዓባይን ተሻግረው ግንቦት 5 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ከጦርነቱ በኋላ በዓባይ በረሃ የኮንክሪት ድልድይ ተሠራ። በ1950 ከዓለም ባንክ በተገኘው ብድር፣ በ1951 ደግሞ በተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን አማካይነት የወደሙት መንገዶች ተጠገኑ። አሮጌው ድልድይ ለዘመኑ ከባድ መኪና የማይበቃ ሲሆን በጃፓን መንግሥት እርዳታ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የህዳሴ ድልድይ ተገንብቶ በመስከረም 2008 ተመረቀ። በባሕር ዳርም እንዲሁ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2024 ተከፍቷል።

ይሁን እንጂ ታሪካዊውን መስመር ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የሰጠው መንገድ አልነበረም፤ አውሮፕላን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሥራ ሲጀምር ያገኛቸው ዳኮታዎች በጥርጊያ ሜዳ ላይ ለማረፍ የሚችሉ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገር ጉብኝትን ሥራ በመንግሥት ድርጅት ደረጃ አቋቁመው፣ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ጎብኚው በአጭር ቀን ውስጥ ሊያያቸው የሚችሉት ቦታዎች አውሮፕላን የሚያርፍባቸው ሆኑ። ላሊበላና ሰሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978፣ የፋሲል ግቢ በ1979፣ አክሱም በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ መስመሩ ጸና። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ከአውሮፕላን መስኮት የሚታየው ዓባይ የሚያምር ስንጥቅ ነው፤ ሞጣ፣ ቢቸና፣ መርጡለ ማርያም ከደመና በታች ይቀራሉ። እቴጌ እሌኒ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሯት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ጥርብ ድንጋይዋና ቅርጻ ቅርጿ የተመሰከረላት ሆና ሳለ፣ ጎንደርን አሥር ጊዜ የጎበኘ ሰው እንኳ ላያውቃት ይችላል። የደጋ ዳሞት፣ የጮቄና የዲማ ነገርም እንዲሁ ነው።

በየብስ የሚጓዝ ሰው የሚያገኘው ጥቅም መካከሉን ማየቱ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅ ሲያድር ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣውን ራስ ደጀንን ያቀፉትን የሰሜን ተራሮች ያያል፤ በማግስቱ በሊማሊሞ ቁልቁል ወርዶ ተከዜን ተሻግሮ ወደ አክሱም ሲወጣ፣ ብርድና ሐሩር በአንድ ቀን ይፈራረቁበታል። በአክሱም ከሮም ተመልሶ በ2008 በስፍራው የቆመውን ሐውልት ያያል። ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነው ይህ ድንጋይ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲመጣ በዚህ ዘመን የነበረውን ጭንቅ የሚያስታውስ ሰው፣ ከእርሱ በብዙ የሚከብደው በአጠገቡ ወድቆ የሚታየው 33 ሜትር ሐውልት ያለ ክሬን እንዴት ከተጠረበበት እንደ መጣ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ከመቀሌ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ ደግሞ ወደ እውነተኛው የጨው ምንጭ ያደርሳል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በተደረገው ልኬታ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። በ1928 ይህን በረሃ ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ያቋረጠው ኔስቢት የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ በ1933 እና 1934 አዋሽ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት የመጣው ቴሲጀር ደግሞ የአውሳውን ሱልጣን ፈቃድ ባያገኝ ኖሮ ወደፊት አይዘልቅም ነበር። በደጋው መሪ መንገድ ያሳያል። በበረሃው ግን መሪ ማለት ፈቃድ ማለት ነው። የአፋሩ ሰው አብሮህ ሲሄድ አገሩ አብሮህ ይሄዳል፤ ውሃ ያለበትንም የሚያውቀው እርሱ ነው። ጨው ጠራቢዎቹ ዘንድ በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው ከባሶ ገበያ አሞሌ ጋር አንድ ዘር ነው። በ2010ዎቹ አስፋልቱ ወደ በረሃው ሲወርድ የጭነት መኪናው ከግመሉ ሥራ ብዙውን ወሰደ። ለጎብኚው ግመሉ የሚያምር ሥዕል ነበር፤ ለባለ ግመሉ ግን እንጀራ ነበር፤ መንገድ ሠሪ ይህን ሁለተኛውን ሒሳብ በጥናቱ ውስጥ ሲያስገባ ብዙ ጊዜ አይታይም።

አሁን ወደ ሞጣ መመለስ ያስፈልጋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የአፄ ፋሲል ድልድይ መካከለኛው ቅስት የጠላትን መተላለፊያ ለመቁረጥ ተሰበረ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆነ። ነፃነት ተመለሰ፤ ቅስቱ ግን አልተመለሰም። ከስልሳ ዓመት ያላነሰ ጊዜ፣ በሁለቱ ዳርቻ የቆሙ ሰዎች ገመድ ዘርግተው፣ ተሻጋሪውን በወገቡ አስረው፣ ከዚህ እየለቀቁ ከዚያ እየጎተቱ በክፍተቱ ላይ ያሳልፉት ነበር። ወደ ገበያ የሚሄድም፣ ዘመድ የሚጠይቅም፣ የታመመም በዚሁ ገመድ ነው። በእነዚያ ስልሳ ዓመታት ውስጥ ስንት የአምስት ዓመት ዕቅድ እንደ ወጣ፣ ስንት ድልድይ በሌላ ቦታ እንደ ተመረቀ የሞያው ሰው ያውቃል። ሰባራ ድልድይ አውራ ጎዳና ስላልነበረበት በማንም መዝገብ ውስጥ አልገባም።

ነገሩን የለወጠው አንድ ፎቶግራፍ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት ስለ ዓባይ ጉዞ ባወጣው ጽሑፍ ላይ በገመድ የሚጎተተውን ሰው ሥዕል ያየው አሜሪካዊው የግንባታ ባለሙያ ኬን ፍራንትዝ በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። በ2002 ቀላል የብረት ድልድይ ተከፋፍሎ በሰውና በአህያ ጀርባ ወደ ሸለቆው ወርዶ በክፍተቱ ላይ ተጋደመ። ሥራው ብልሃት ነበረው፤ ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በ2005 ክረምት ዓባይ ከመጠን በላይ ሞልቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። የጥንቱ ድንጋይ በቆመበት ከፍታ ላይ የተጋደመው ብረት ጎርፉን ሊሸሽ አልቻለም፤ ድንጋዩ በክብደቱ የቻለውን ብረቱ በቅለቱ አልቻለም። ስለዚህ በ2009 የተሠራው ሁለተኛው ድልድይ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ፣ ከውሃው መዳረሻ በላይ ከፍ ብሎ የሚያልፍ ሆነ። ስለ ድልድይ ከፍታ አወሳሰን ለተማሪዎች ማስተማር የሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገሩ ውስጥ ማግኘቱን እንጃ፤ ሦስት ዘመን፣ ሦስት ማቴሪያል፣ አንድ ወንዝ።

ከ2020 ጀምሮ በሰሜን የተካሄደው ጦርነት፣ በኅዳር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የየብሱን ጉዞ ክፉኛ ጎድቶታል። የመንገድ መዘጋት መጀመሪያ የሚጎዳው አስጎብኚውን፣ ባለ በቅሎውን፣ የዕደ ጥበብ ሻጩንና በየመንገዱ ምሳ የምታቀርበውን ሴት ነው። አውሮፕላን መንገዱ ሲዘጋም በላዩ ይበራል፤ መካከሉ ግን ያን ጊዜ እንደ ገና ይረሳል። ስለዚህ ሰላም ሲጸና ጉዞው በየትኛው መስመር ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ለጉብኝት መሥሪያ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የመንገድና የድልድይ ባለሙያዎችም ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል።

አንድ መስመር በእጅ አለ፤ አዲስ አውራ ጎዳናም አይጠይቅም። ዓባይን በህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ደጀን የደረሰ ጎብኚ፣ ግራውን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ደብረ ኤልያስ ዘልቆ ከቅኔ መምህራን ደጅ መቀመጥ ይችላል። ተመልሶም በቀኝ በኩል ባለው መንገድ የበላይ ዘለቀ አገር በሆነችው በቢቸና አድርጎ፣ ዲማንና ደብረ ወርቅን፣ ገንጠል ብሎም መርጡለ ማርያምን አይቶ ሞጣ ያድራል። ከዚያ በአገሩ ተወላጅ እየተመራ፣ ጓዙን በበቅሎ ጭኖ ወደ ሰባራ ድልድይ ይወርዳል። የተንጠለጠለው ድልድይ ለእግረኛና ለከብት ብቻ የተሠራ በመሆኑ መኪናው ከዚያ ሊያልፍ አይችልም፤ ይህም ጉድለት ሳይሆን ለጉዞው የሚስማማ ነገር ነው። የሞጣው መሪ እስከ ወንዙ አድርሶ ጎብኚውን ለአንዳቤቱ መሪ ያስረክባል፤ ከማዶ ሌላ መኪና ይጠብቃል። ከዚያም በእስቴ በኩል ደብረ ታቦር፣ ጋፋትን አይቶ፣ ሕዝቡ «ቻይና መንገድ» በሚለው የወረታ ወልድያ ጎዳና ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ ነው። በሁለቱ ዳርቻ ላሉት መሪዎች የሚከፈለው ዋጋ ከመነሻው ቢነጋገሩበት ይሻላል፤ የወልዶ መቀነት የተፈታው ወንዙ አጠገብ ከተደረሰ በኋላ ነበርና።